በሰማያዊና በወይን ጠጅ መካከል

ነጭ በነጭ ለብሳ ማተሚያ ቤታችን ስትገባ ሰርግ ያላት መሰለኝ። ቀሚሷ ነጭ፣ ሻሿ ነጭ፣ ትከሻዋ ላይ የጣለችው ሰፊ ጨርቅም ነጭ ነበር። በሩ ላይ ቆማ በሶማሊኛ ረጅም ሰላምታ አወረደችልኝ። ሶማሊኛ ከገበያ ቃላት አልፌ አልችልም፤ ፈገግ ብዬ ወንበር ሳብኩላት። ከዚያ የሰርግ ባነሮች ያሉበትን ፋይል ከፍቼ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። ሮዝና ወርቃማ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ቀይና ክሬም። አንድ በአንድ ሳሳያት በትዕግሥት አየች። ወርቃማው ላይ ስደርስ ቆንጆ ነው አለች። የሙሽሮቹን ስም ጠየቅኳት።

«የየትኞቹን ሙሽሮች?» አለች።

የልጅዎ ሰርግ አይደለም ወይ አልኳት። ልጇ ሂቦ ገና ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ነገረችኝ። አልተቆጣችም፤ የሆነ ነገር ያልገባት እሷ እንደሆነች አድርጋ ነው የተናገረችው። ነገሩን ያቆመው ከማተሚያ ማሽኑ በኩል የመጣው ባልደረባዬ ሂሻም ነው። ጎንበስ ብሎ ሴትዮዋ ዒዳ ላይ ናት አለኝ፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል፣ የሶማሌ ሴት ባሏ ሲሞትባት ነጭ ነው የምትለብሰው።

ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግኩት። ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሶማሌዎች ናቸው። ነጩን ደጋግሜ አይቼው ይሆናል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳት። እርስዎ ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች፤ ሂሻም ሳቀ። በድሬ አንቺ ይበቃል፤ እኔ ግን ሳፍር እርስዎ ነው የሚመጣልኝ።

እሷም ተሳስታ ነበር። ጥቁር ቀሚሴን ዓባያ፣ በራሴ ላይ ያሰርኩትን ጥቁር ነጠላ ሂጃብ አድርጋው ነበር በሶማሊኛ የጀመረችልኝ። አሁን ደግማ አየችኝ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለወንድሜ።»

«አላህ ያጽናሽ።»

እግዜር ያጽናሽ አልኳት እኔም። ሂሻም ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ እኔም የሰርጉን ፋይል ዘጋሁት።

ሃዎ ትባላለች። መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ ባሏ ሰዓትና ባትሪ ይሸጥበት የነበረ አንድ ክፍል ሱቅ አላት። ከቤቷ ሆና ለዓመታት ድሪያ የሚባለውን ስስ የሴቶች ቀሚስ ስትሸጥ ቆይታለች፤ አሁን ሱቁን የድሪያ ሱቅ ልታደርገው ነው። ዒዳዋ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀኑ የሐዘን ጊዜ፣ ሲሞላ ትከፍታለች። ለግድ ጉዳይ ቀን ቀን መውጣት ትችላለች፤ የመጣችውም ለዚሁ ነው። በር ላይ የሚሰቀል ታፔላ፣ የውስጥ ግድግዳ ቀለም፣ የዕቃ መያዣ ከረጢት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይኑረው አለች። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ እንደዚያ አይታ ወዳ ነበር።

አለቃዬ ሲሞን ከጓዳ ወጥቶ ትዕዛዙን ተቀበለ። ሲሞን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ታፔላ በብሩሽ ሲጻፍ በነበረ ጊዜ የተማረ ሰው ነው፤ አሁንም ባነር ላይ ፊደል ሲያይ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ሃዎን በር ድረስ ሸኝቶ ተመለሰና ቀለሙን አንቺ ትመርጫለሽ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ሁለት ሥራ አበላሽተሻል ብሎ አስቀምጦ አነጋግሮኝ ነበር። ሦስተኛ የለም አለኝ፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ከወንድሜ በኋላ እኔና እናቴ የምንኖረው በዚህ ወንበር ነው።

ካበላሸኋቸው ሁለቱ የመጀመሪያው የአንድ ትምህርት ቤት የምረቃ ባነር ነበር። አረንጓዴው የሞተ ቅጠል መስሎ ወጣ። በሲሞን ፊት ማሽኑ ነው አልኩ። ማሽኑ አልነበረም፤ የስክሪን ቀለም ወደ ማተሚያ ቀለም ሳልቀይር ነው የላክሁት። ማሽኑ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት የሠራው ሂሻም ሁለት ቀን አላነጋገረኝም። ሁለተኛው የጁስ ቤት ዝርዝር ነበር። ከሰማያዊ ወደ ግራጫ በሚሄድ ቀለም ሠራሁት፤ እርስ በርሱ የተስማማ ነበር። ባለቤቱ ይዞት መጣና «እህቴ፣ እኔ የምሸጠው ማንጎ ነው፤ ይሄ የፋርማሲ ነው» አለ።

ወንድሜ ጢሞቴዎስ የሞተው ሐምሌ ላይ በትኩሳት ነው፤ በአምስት ቀን። ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለም ጠፋብኝ ማለት አልችልም። ቀይ ቀይ መሆኑን አያለሁ። ሰው ቀዩን አይቶ ለምን እንደሚቆም፣ ቢጫውን አይቶ ለምን እንደሚቀርብ ነው ያልታየኝ። ስለዚህ በቁጥር እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ በቁጥር ሊሠራ ይችላል። የቀለም ክብ ዐሥራ ሁለት ክፍል አለው። ትይዩ የሆኑት ይጣላሉ፤ ሲጣሉ ሁለቱም ይጎላሉ። ጎን ለጎን ያሉት ይስማማሉ። አንዱ ከመቶ ስድሳ እጅ ቦታ ይይዛል፣ ሁለተኛው ሠላሳ፣ ሦስተኛው ዐሥር። ይህን ያህል ካወቅሽ ምንም ሳይሰማሽ መሥራት ትችያለሽ። እንዲያውም ለተወሰነ ጊዜ ማንም አያውቅብሽም።

ለሃዎ ሦስት ግራጫ መረጥኩ። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከሰል የሚመስል። አንድ ቀለም በሦስት ብርሃን ስለሆነ መቼም አይጋጭም። በወረቀት አትሜ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የባሏ የሰዓት መስቀያ ምስማሮች ገና አልተነቀሉም። ጨርቆቹ በላስቲክ እንደታሸጉ ከወለል እስከ ወገቤ ተከምረዋል። ወረቀቱን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ከክምሩ አንድ ቢጫ ድሪያ መዝዛ በወረቀቱ ፊት ዘረጋችው። ድሪያ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። በመካከለኛው ግራጫ ላይ ግን ቢጫው ከራሱ በላይ ቢጫ ሆነ። ቀይ አመጣች፤ እሱም እንደዚያው። ውሃ ሰማያዊም አመጣች።

«ይሄ ለግድግዳ ይሁን» አለች። «ዝም ያለ ነው። ጨርቁ ሲናገር አያቋርጠውም።»

ትክክል ነበረች። ግራጫ ብዙ ቀለም ላለበት ቤት ጥሩ ግድግዳ ነው፤ መጽሐፉም ይላል። እኔ ግን ያንን አስቤ አይደለም የመረጥኩት። አላረምኳትም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ወንበር ላይ ቆማ ታፔላው በሚሰቀልበት ቦታ ያዘችው፤ እኔን ወደ ማዶ ላከችኝ። የግራና የቀኙ ሱቅ ቆርቆሮ፣ የመንገዱ አቧራ፣ በላያችን የተወጠረው የጥላ ሸራ፤ ሁሉም ከወረቀቱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ወረቀቱን ፈለግኩት። ጎረቤቷ፣ ባለ ጫማ ሱቁ፣ ወጥቶ እያያት ነበር፤ ሃዎ፣ ምን ይዘሽ ነው እጅሽን የዘረጋሽው አላት። ሃዎ ከወንበሩ ወርዳ ሳቀች። ባዶ እጇን ነው ያየው። ለታፔላ ይህ እንደማይሆን መናገር አላስፈለጋትም።

ከውስጥ ሆነን እንደገና ጀመርን። ሃዎ ድሪያ ብቻውን እንደማይሸጥ ነገረችኝ። ከስሩ ጎጎራ የሚባል ጉርድ ይለበሳል፤ ከስስ ጨርቁ ስር ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ደንበኛ አንድ ድሪያ ይዛ ትመጣለች፤ ጎጎራውን ምረጪልኝ ትላለች። ሃዎ ስሟን ያተረፈችው በዚህ ነው። ልታሳየኝ ብላ አንዱን ቢጫ ድሪያ በተለያዩ ጎጎራዎች ላይ ልትለካው ፈለገች። ነጭ ለብሳለች፤ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ቀለም ወደ ገላዋ አታስጠጋም። ወደ እኔ አየች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እናቴ ይቅርና ሰፈሩ ሰምቶ ዓመት ሳይሞላት ቢጫ ለበሰች ይላል።

ስለዚህ ወንበሩን አለበስነው። ሃዎ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ነጭ ጎጎራ አሰረች፤ ቢጫውን ድሪያ ጣለችበት። ቢጫው ፈዘዘ። ነጩን ፈታ ቢጫ ጎጎራ አሰረች።

«ቢጫ ከቢጫ ጋር ይተኛል» አለች። «ቆንጆ እንቅልፍ ነው፤ ግን እንቅልፍ ነው።»

ብርቱካናማ አሰረች፤ ድሪያው ሞቀ። በመጨረሻ ወይን ጠጅ ጎጎራ አሰረች። ቢጫው ሲደራረብ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ስስ በሆነበት በኩል ግን ስሩ ብቅ ይላል። ጨርቁን በጣቷ ስታወዛውዘው ሁለቱ ቀለማት ይለዋወጣሉ። ሃዎ ወደ ኋላ ሄዳ ወንበሩን አየችው። ለራሷ ብታሰናዳው ኖሮ ይህንን እንደምታደርግ ነገረችኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዒዳዋ ሲያልቅ እንኳ ወዲያው እንደማትለብሰው፣ ለሰው ግን ልትመርጥ እንደምትችል።

እኔ በክቡ ላይ ቢጫና ወይን ጠጅ ፊት ለፊት እንደሆኑ አውቃለሁ። ተቃራኒ ቀለማት ይባላሉ። ዐሥራ ሁለቱን ክፍሎች በብሩሽ የሞላሁበት ወረቀት ቤት ውስጥ አለ። ወንበሩን ሳየው የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። አልመጣም። ማስታወሻዬን አውጥቼ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ብዬ ጻፍኩ። ሃዎ ከወይን ጠጁ ጎጎራ ጠርዝ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ በመቀስ ቆርጣ ሰጠችኝ። ይሄንን እንጂ ሌላ ወይን ጠጅ እንዳታመጪብኝ አለች።

ከረጢቱን በወይን ጠጅ ላይ በቢጫ ፊደል አደረግነው። ታፔላውንም መጀመሪያ እንደዚያው አስቤው ነበር። ሦስት ዓይነት ቴስት፣ ማለትም የሙከራ ኅትመት፣ አትሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሱቆቹ ለምሳ መዘጋት ሲጀምሩ፣ ወስጄ በሯ ላይ ለጠፍኳቸው። በዚያ ፀሐይ ወይን ጠጁ ጥቁር ሆነ፤ ቢጫው ፊደል ነጭ ሆኖ አንጸባረቀ፤ ሱቁ የተሰየመበት የልጇ ስም ከማዶ አይነበብም። ስክሪን ላይ የማይታይ ነገር ነው። ገለበጥኩት፤ መደቡን ቢጫ፣ ፊደሉን ወይን ጠጅ። ቢጫውም ዓይን እንዳይወጋ ትንሽ ቀይ ገባበትና የእርድ ቀለም ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሜ አየሁት፤ ፀሐይ ስትጠልቅም አየሁት። ይነበባል። ሃዎ ሂቦ የሚለውን ጽሑፍ በጣቷ ነካችውና ይሁን አለች። ለሲሞን ሳሳየው ብዙ አየው። እርድ ጥሩ ነው አለኝ፤ ከቀይ መደብና ከነጭ ፊደል ለተጨናነቀ መንገድ ይሻላል። ከሐምሌ ወዲህ ከእሱ የሰማሁት ጥሩ ቃል ይሄ ነበር።

ትልቁ የታተመው ሐሙስ ነው። ሦስት ሜትር ተኩል። ማሽናችን በአራት ቀለም ነው የሚሠራው፤ ሳያን የሚባል ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ማጀንታ የምንለው ያንን ደማቅ ሮዝ ነው፤ ወይን ጠጅን ከሰማያዊ የሚለየው እሱ ነው። ሂሻም ከማተሙ በፊት የመዳፍ ስፋት ያለው ቴስት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝና አየሽው ወይ አለ። የሃዎን ቁራጭ አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ሰማያዊ ነበር። ጥቂት ነው፤ ግን ሰማያዊ ነው። እርዱም ወደ ሎሚ ሄዷል። አየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ገልጬ እንደገና አየሁት። ከዚያ የምረቃውን ባነር አሰብኩ፤ ማሽኑ ነው ያልኩበትን ቀን፣ የሂሻምን ፊት። ጁስ ቤቱንም አሰብኩ። አራት ወር ሙሉ የማየው ነገር ምንም ሲሆንብኝ ነው የቆየው፤ አሁን ልክ ነሽ የሚለኝ ምንድን ነው አልኩ። የቀለሞቹን ቁጥሮች በፋይሉ ውስጥ አመሳከርኩ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው።

«ይሁን» አልኩት።

ማሽኑ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሲሞን ሸራውን አስጎትቶ በረንዳው ላይ ዘረጋው። ሃዎ ከረጢቶቹን ለመውሰድ መጥታ ስለነበር አብራ ቆመች። ከረጢቶቹ ከሳምንት በፊት የታተሙ ናቸው፤ ወይን ጠጃቸው ልክ ነበር። አንዱን ይዛ ሸራው ላይ አስቀመጠችው። ሲሞን ከጠረጴዛዬ ላይ የጨርቁን ቁራጭ አምጥቶ እሱንም አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆየ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች ሃዎ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሲሞን ሂሻምን ቴስት አውጥተህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ሂሻም አውጥቼ ሰጥቻታለሁ አለ። ወደ እኔ ዞረ። አላስተዋልኩም ማለት እችል ነበር። ሰው ሐዘን ላይ ናት ብሎ ያልፈኝ ይሆናል፤ ከዚህ በፊት ሁለቴ አልፎኛል። ማሽኑ ነው ማለትም እችል ነበር፤ ይሄኛው እውነት ነው።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ሰማያዊ መሆኑን አይቼ ነበር።»

«አይተሽ?»

«ዓይኔን አላመንኩትም።»

ሲሞን ቀና አለ። ለጥቂት ጊዜ ያየው እኔን ሳይሆን ጥቁር ልብሴን ይመስል ነበር። ሂሻም አንገቱን ደፋ። ሃዎ ከረጢቷን ከሸራው ላይ አነሳች።

«አቦ ሲሞን፣ ዓይኗማ ደህና ነው» አለች። «አፏ ነው የታመመው።»

ሂሻም ሳቅ አመለጠውና ቶሎ ዋጠው። ሲሞን አልሳቀም። ባለማየቴ ቢሆን ኖሮ እንደሚሻለው ነገረኝ፤ የማያይ ሰው ይማራል፣ አይቶ ዝም የሚል ግን ሦስት ሜትር ተኩል ያሳትማል። ከዚያ ወደ ሃዎ ዞሮ ነገ ከሰዓት በፊት እንደሚደገም ቃል ገባላት።

«አንቺ ማሽኑ ጋ ትቆሚያለሽ» አለኝ። «እንደዚህ ሆኖ ከወጣ ሰኞ አትምጪ።»

ሃዎ ከረጢቶቹን አስራ ልትወጣ ስትል አጠገቤ ቆመች። «አባዮ» አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ይቺን እንኳ አውቃለሁ። የሚቀጥለውን በአማርኛ ነው የተናገረችው። ባሏ ከሞተ በኋላ ምግብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባት ጨው መኖሩን ሂቦን ታስቀምስ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ራሷ ቀመሰችው፤ ጨው በዝቶበት ነበር። ጨው መብዛቱን አወቅኩ አለችኝ፤ መጣፈጡን አላወቅኩም፤ ግን መብዛቱን አወቅኩ። በዚያው ታበስያለሽ አለችኝና ወጣች።

ያን ቀን ማታ ለእናቴ አልነገርኳትም። እራት በላን፤ ተኛሁ።

ዓርብ ማለዳ ሂሻም ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ ጁምዓ ሳይደርስ መጨረስ ይፈልጋል። አዲሱን ሸራ አጥብቆ ማሽኑን አስነሳው። ደህና አደርሽም አላለኝም፤ እኔም ቁራጩን ጨርቅ በእጄ ይዤ ማሽኑ ጎን ቆምኩ። የመጀመሪያው አንድ ስንዝር ወጣ። ጨርቁን አስጠጋሁት።

«አቁመው» አልኩ።

አልሰማኝም፤ ማሽኑ ይጮሃል። ደግሜ ከመናገር ይልቅ እጄን ዘርግቼ ቁልፉን ተጫንኩት። ሂሻም ዞሮ ምን ሆንሽ አለ። ሰማያዊ ነው አልኩት። ቀርቦ አየና በጣም ቅርብ ነው አለ፤ ተሰቅሎ ማን ያየዋል። ቅርብ ነው፣ ግን ሰማያዊ ነው አልኩት። ሂሻም ጨርቁን ከእጄ ወስዶ በሩ ላይ ብርሃን ውስጥ ያዘው። ተመልሶ ክዳኑን ከፈተና የቀለሞቹን መስመር የሚያሳየውን ወረቀት አተመ። የማጀንታው መስመር አምስት ቦታ ተቆርጧል። ከሐሙስ በፊትም ተቆርጦ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የተናገረው፣ ፊቱን ወደ ማሽኑ አድርጎ። ሄዱን፣ ቀለም የሚረጨውን የማሽኑን ክፍል፣ አጠበው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሁለተኛው ስንዝር ወጣ። አሁን ቀይ በዝቶበታል። አቁመው አልኩት። አቆመው። ፋይሉ ላይ ያለውን የማጀንታ ቁጥር በሦስት ቀነስኩ። መጽሐፍ ላይ የለም ሦስት፤ በጨርቁ ነው የገመትኩት።

«ወላሂ ትናንት ዲዳ ነበርሽ» አለ ሂሻም። «ዛሬ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ።»

ሦስተኛው ስንዝር ወጣ። ጨርቁን አስቀመጥኩበት። ጠርዙን ለመለየት በጣቴ መፈለግ ነበረብኝ። የእርዱን መደብም አየሁት፤ ወደ ሎሚ አልሄደም። ልክ ነው አልኩት። ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም። ልክ መሆኑን ብቻ አውቄ ነበር። ሂሻም ቁልፉን ተጫነ፤ ሸራው እስኪያልቅ እዚያው ቆምኩ፤ በየመካከሉ ጨርቁን እያስጠጋሁ።

ሲሞን አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሸራው በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር። የተበላሹትን ሁለት ስንዝሮች ጎን ለጎን አድርጎ ካየ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳቆምነው ሂሻምን ጠየቀው። ሁለቴ አለ ሂሻም፤ ሁለቱንም ያስቆመችው እሷ ናት። ሄዱ ተደፍኖ እንደነበርም ራሱ ተናገረ። ሲሞን ስንዝሮቹን ጠቅልሎ ከቆሻሻው ጨመራቸውና ወደ ጓዳው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ታፔላው መጋላ ተሰቀለ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ገባሁ፤ ሲሞን የአንድ ዳቦ ቤት ትዕዛዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ነበር።